አንቱ የሚባል መኪና

ወልድያ ጋራዥ የተቀጠርሁ ቀን መጀመሪያ የታዘዝሁት እጄን እንድታጠብ ነው። ገና ምንም ሳልነካ! አለቃዬ ጋሽ ግርማይ ሳሙና አቀበሉኝና "ታጠብ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ንጹህ ነው እኮ" አልሁ።

"ላንተ ንጹህ ነው። ለእሳቸው አይበቃም" ብለው በአገጫቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ።

እኔም አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኛለሁ ብዬ ዞርሁ። ሰው የለም። ኮፈኑ የተከፈተ አንድ ነጭ ትልቅ ጂፕ ብቻ ቆሟል። "እሳቸው" እሱ ነበር።

ጋሽ ግርማይ መኪና የሚከፍሉት በጎማውም በሞተሩም አልነበረም። ባጃጅ "አንቺ" ናት። ፒካፕ፣ ሚኒባስ፣ የጭነት መኪና "አንተ" ነው፤ ያውም ትግርኛቸው እየቀደማቸው "አንታ" ይሉት ነበር። የባለሥልጣንና የሀብታም ትልቅ ጂፕ ግን "አንቱ" ነው። "አንታ የሚባለውን በመዶሻ ብትመታው ይቅር ይልሃል" ይሉኝ ነበር። "አንቱ የሚባሉት ይቀየማሉ። ሲቀየሙ ደግሞ ምን እንዳስቀየማቸው አይነግሩህም።"

ሰውየው ሲቀልዱ አይስቁም። ካቻቢቴ በእጃቸው ይዘው "እሳቸው ዛሬ እንዴት አደሩ? ዘይት አፈሰሱ?" ብለው በምር ይጠይቁኛል። እኔም እየሳቅሁ ጀምሬ ሳላውቀው ለመደብኝ። ከጋሽ ግርማይ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቼ መርሳ ላይ የራሴን ጋራዥ ስከፍት ቁልፍና ክሪክ ብቻ አይደለም ይዤ የወጣሁት። ይህንንም አመል ይዤ ወጣሁ። ሚስቴ "ለኔ አንቺ፣ ለብረት አንቱ!" እያለች ስትቀልድብኝ ኖራለች።

አሁን ጉልበቴ ከመኪና ሥር መግባቱን እምቢ ስላለኝ ጋራዡን ለወጣቶቹ ትቼ በር ላይ እቀመጣለሁ። እነሱ ኮምፒዩተር ሰክተው የመኪናውን በሽታ ያነባሉ። ጎበዞች ናቸው፤ አልቀናባቸውም፤ እሺ፣ ትንሽ እቀናለሁ። ሰው ግን ትልቅ መኪና ሊገዛ ሲያስብ አሁንም መጥቶ "አስናቀ፣ እይልኝ" ይለኛል። ከሁሉም አንጀቴን የበላው የይማም ነው።

ይማም መርሳ ውስጥ ማንጎና ሽንኩርት የሚነግድ ወዳጄ ነው። አንድ አሮጌ ፒካፕ አለው። ያ ፒካፕ የእሱ እንጀራ ነው፤ ከመርሳ በላይ ላለው ለትውልድ ቀበሌው ደግሞ አምቡላንስም አውቶቡስም ነው። ምጥ የያዛት በእሱ ትወርዳለች፣ ፍየልም በእሱ ይወርዳል፣ ሙሽራም በእሱ ይወጣል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው እጁን ካነሳ ይማም ያቆማል። አባቱም በበቅሎ ዘመን እንዲሁ ነበሩ አሉ።

እናቱ እማ ከድጃ እዚያው ላይ ነው የሚኖሩት። መርሳ ውረጂ ቢላቸው "ከተማ ሰው ጎረቤቱን አያውቅም" ብለው እምቢ አሉ። ክረምት ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወልድያ ወስዶ አሳከማቸው፤ አጥንቱም ገጠመ። ሐኪሙ ታዲያ በየሳምንቱ እየተመላለሱ እግራቸውን ካላለማመዱ ደርቆ እንደሚቀር፣ ሁለተኛም ቆመው እንደማይሄዱ ቁርጡን ነገረው።

አንድ ጊዜ በፒካፑ ወረዱ። ቁልቁለቱ ላይ በየድንጋዩ "ያ አላህ!" እያሉ ደረሱ፤ እንደዚያው እያሉ ተመለሱ። ቤታቸው ገብተው ሲጋደሙ "ከዚህ ወዲያ አልወርድም። እዚሁ ልጋደምና እዚሁ ቅበሩኝ" አሉት።

በማግስቱ ይማም ጋራዡ በር ላይ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ልክ አይደለም።

"አስናቀ፣ ትልቅ መኪና ልገዛ ነው። ያንን ሲሄድ የማይሰማውን፣ የናፍጣውን። ወልድያ አንድ ነጋዴ ይሸጣል፤ እይልኝ።"

"ፒካፑስ?"

"እሸጠዋለሁ። ሁለቱን ማኖር አልችልም።"

"ሥራህን በምን ልትሠራ ነው?"

"ወላሂ እሱን አላሰብሁትም። እማ ተኝታ ከምትቀር እኔ በጫንቃዬ ሽንኩርት ልሸከም!"

ምን ይባላል? ተነስቼ እጄን ታጠብሁ።

ወልድያ ደርሰን ነጋዴው ግቢ ስንገባ እሳቸው ጥላ ሥር ቆመዋል። ጥቁር፣ መስታወታቸው የጨለመ፣ ደረታቸው የሰፋ። ልቤ ዘለለች፤ ምን ልደብቅ! እንዲህ ያለውን መኪና የምወደው ሰው ቆንጆ ፈረስ እንደሚወደው ነው፤ የራሴ እንዲሆን ሳልመኝ።

ሙያው ለሚገባችሁ ልንገራችሁና፣ እኔ ከሁሉ በፊት መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ። ሞተሩ ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ቀድሞ ያስነሳ ሻጭ ደግሞ የሚደብቀው የጠዋት ሳል አለ። ይኼ ቀዝቃዛ ነበር። ቁልፉን ግማሽ ብቻ አዞርሁና የክሩስኮቱ ማስጠንቀቂያ መብራቶች በሙሉ መብራታቸውን አየሁ። ሳይበራ የሚቀር ካለ አንድ ብልጥ አምፖሉን ነቅሎታል። ሁሉም በሩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም ጠፉ። ጭሱን አየሁ፤ ሰማያዊ የለበትም፤ ዘይት አይበላም። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ እጄን ደቀንሁ፤ ትንፋሹ ልክ ነው። ጉልበቴ እየተንቋቋ ከሥር ገብቼ ሻንሲውን ዳበስሁ፤ የተበየደ የለም።

"እንዴት ናቸው?" አለኝ ይማም። ከኔ ጋር ውሎ እሱም ለምዶበታል።

"ጤነኛ ናቸው" አልሁት።

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። "ውሰዱት፤ ነገም ይዋል፤ ሞክራችሁ ንገሩኝ" ብሎ ቁልፉን ሰጠን። ወደ መርሳ ነዳሁት። ሲሪንቃ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ በፒካፕ ሲያልፉበት ጥርስ ያጋጫል። አለፍነውና ምንም አልተሰማኝም። አንስተውት ይሆናል ብዬ ተመልሼ አየሁት። ጉብታው ቦታው ላይ ነው! ይማም በሳቅ ሞተ።

እዚያው ሲሪንቃ ዳር አቁመን ማንጎ እየበላን ነገሩን አወጣን አወረድነው።

"ንገረኝ እንግዲህ፣ ልግዛ አልግዛ?"

"ደጉን ላስቀድም?"

"ክፉውን አስቀድም።"

"ናፍጣ ሲጠፋ ፒካፕህ ከየትም በጀሪካን የተቀዳውን ይጠጣል። ቢያስለው ፊልትሮውን ትቀይርለታለህ፤ ይሄዳል። እሳቸው አፋቸውን ይመርጣሉ። ውሃ የገባበት ናፍጣ አንድ ቀን ከጠጡ ኢንጄክተሩ ይበላሻል፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም።"

"እሺ።"

"የፒካፕህ ባሌስትራ ቢሰበር መርሳ ላይ አስበይደህ ቤትህ ትገባለህ። እሳቸው በባሌስትራ ፈንታ የሚቆሙት በአየር በተነፋ የጎማ ከረጢት ላይ ነው። ያ ከተነፈሰ ተንበርክከው ይቀራሉ። ሰፊ ናቸው፤ የእናንተ ሰፈር መንገድ በቁልቋል የታጠረ ነው። ደግሞ ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ ትልቅ መኪና ዓይን ይስባል፤ ባለቤቱን በሰላም አያስተኛም።"

"ደጉስ?"

"ደጉማ ጉብታውን አየኸው አይደል! ጉልበት አላቸው፤ ዳገቱን ሳያቃስቱ ይወጡታል። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ውስጣቸው ቀዝቃዛ ነው፣ አቧራ አያስገቡም፣ ወንበራቸው አልጋ ነው።"

ይማም የማንጎውን ፍሬ ወረወረ። "እሱን ሁሉ ተወው። እማ ትችለዋለች?"

"ይችሉታል።"

"በቃ።"

የእማ ከድጃ ቀጠሮ በማግስቱ ነበር፤ በዚያው ልንሞክረው ተስማማን። ይማም ስልክ ደወለላቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ማ? ማ?" ሲሉበት ጊዜ ተናደደና "እንካ፣ ያንተን ድምፅ ትሰማለች" ብሎ ሰጠኝ።

"እማ ከድጃ፣ ነገ እሳቸውን ይዘን እንመጣለን!" ብዬ ጮህሁ።

"ማንን?"

"እሳቸውን! ለርስዎ ብለን ነው የምናመጣቸው። አብሽሩ፣ በጣም ለስላሳ ናቸው።"

"አልሐምዱሊላህ! ምን ላሰናዳ? ይበላሉ ይጠጣሉ?"

"መብላቱን አይበሉም፤ መጠጣቱን ግን ኧረ በጣም ይጠጣሉ!"

"አስተግፊሩላህ..." ሲሉ ሰማሁና መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ቀልዴን የተረዱልኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወጣን። እሳቸው ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጡት። ሰፈሩ ሲቃረብ መንገዱ ጠበበ፤ በአንድ ወገን የድንጋይ ካብ፣ በሌላው ቁልቋል። መኪናው "ጢው ጢው ጢው" እያለ ይጮህብኛል። መስተዋቶቹን አጥፌ ተሳብሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን አልሆነም። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አቆምሁ።

ጉድ እዚያ ጠበቀን! የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጥምጥማቸውን አሳምረው ተሰልፈዋል። ምንጣፍ ተነጥፏል። መሐሉ ላይ ጋቢ የለበሰ ወንበር አለ፤ ባዶ ነው። አጠገቡ እማ ከድጃ በቃሬዛ ተይዘው መጥተው ትራስ ተደግፈዋል። ከሥራቸው አራት ቅል እርጎ ተደርድሯል።

ወርደን ሰላምታ ሰጠን። "ወአለይኩም ሰላም" አሉን፤ ዓይናቸው ግን ከኛ አልፎ የጨለመው መስታወት ላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "አይወርዱም እንዴ?" አሉኝ።

"ማን?"

"እንግዳው ናቸዋ!"

እማ ከድጃ ቀና አሉ። "አስናቀ ልጄ፣ ሐኪሙ የታሉ?"

ያኔ ገባኝ። "ለርስዎ ብለን ነው የምናመጣቸው" ስላቸው የወልድያውን ሐኪም የምናመጣላቸው መስሏቸው ነበር። ሁለተኛ መውረድ ሊቀርላቸው ነው ብለው ዱዓ የሚያደርግ ሽማግሌ ሁሉ ጠርተዋል። ሐኪሙ ጠጪ ናቸው ሲባሉ ደግሞ ከሐራሙ ሊያድኗቸው ከአራት ቤት እርጎ ለቅመዋል።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። "እማ ከድጃ... መኪናውን ነው እሳቸው ያልሁት" አልሁ።

"መኪናውን?"

"አዎ።"

"የሚጠጡትስ?"

"ናፍጣ።"

አንደኛው ሽማግሌ በሳቅ ፈነዱ፤ ሜዳው በሙሉ ተከተላቸው። እማ ከድጃም ዳሌያቸውን ይዘው "ውይ አታስቁኝ፣ ውይ ገደላችሁኝ" እያሉ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ባዶውን ወንበር አንድ ጊዜ ዞረው አዩት። ይማምም አያቸውና ፊቱን አዞረ።

"በሉ" አሉ እማ ከድጃ፣ "ሐኪሙ ካልመጡ እኛ እንሂድ። እርጎውን ጠጡት።"

ማሳፈሩ እንዴት ይሆናል ብዬ ነበር፤ የመኪናው ደረጃ ወገብ ይደርሳል። አንድ ቁልፍ አለ፤ ተጫንሁት። እሳቸው "ሽሽሽ" ብለው ተነፈሱና ዝቅ አሉ። ሽማግሌዎቹ "ሱብሐነላህ! እጅ ነሷት!" አሉ። እማ ከድጃ እንደ ንግሥት ገቡ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር የበሩን እጀታ ግጥም አድርገው ይዘው ነበር። አንዱን ድንጋይ አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን። ቀስ ብለው ለቀቁት። ይማም ከጎኔ ሆኖ በመስታወት ያያቸዋል፤ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። እኔም በልቤ "በቃ፣ ይግዛ" አልሁ።

ወንዙን ከመሻገራችን በፊት ነው ነገሩ የመጣው። ከዚያ ቦታ ፒካፑ ሁልጊዜ ሰው ያነሳል። የዚያን ቀንም ሰዎች ነበሩ፤ ግን ማንም እጁን አላነሳም። ሲያዩን ከመንገዱ ወርደው ቆሙ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላው ፍየሎቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"ምን ሆነው ነው እጅ የሚነሱን?" አሉ እማ ከድጃ። ከዚያ ደግሞ "አሚናት! አሚናት ናት እኮ!" አሉ።

አሚናት ጎረቤታቸው ናት። ሕፃን አዝላ በፀሐይ ትወርዳለች። ስናልፍ ፊቷን ከአቧራው አዞረች። እማ ከድጃ መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት፤ "አሚናት! እኔ ነኝ!" እያሉ። መስታወቱ ጨለማ ነው፤ ድምፅም አያስወጣም። አቁሜ ወደ ኋላ ስመለስ አሚናት ጭራሽ ፈርታ ቁልቋሉ ሥር ገባች። በሩን ከፍቼ "ነይ" ስላት ነው ያየቻቸው።

"እማ ከድጃ! አንቱ ኖት እንዴ? እኔ የመንግሥት ሰው መስሎኝ!"

ልጁ ትኩሳት ይዞት መርሳ ጤና ጣቢያ ልታደርሰው ነበር። መንገድ ላይ የይማም ፒካፕ ያገኘኛል ብላ ነው የወጣችው። መርሳ አደረስናት። እማ ከድጃ ከዚያ በኋላ እስከ ወልድያ የጨለመውን መስታወት በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄዱ።

ወልድያ እግራቸውን አለማመዷቸው፤ ሁለት ብረት ተደግፈው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተራመዱ። ሐኪሙም "እንዲህ ከመጡ በራስዎ እግር ይሄዳሉ" አላቸው። ይማም ደስ ብሎት ስንመለስ "እንግዲህ ልገዛው ነው እማ" አላቸው።

"ላንተ ነው?"

"ላንቺ ነው እንጂ!"

"ለኔማ ደግ ነው፤ አልዋሽህም። ዳሌዬ ዛሬ አልጮኸም" አሉ። "ግን ይማሜ፣ ይኼን መኪና ማን 'አቁም' ይለዋል?"

ይማም ከፊት ወንበር ዞሮ አያቸው።

"የኔን ዳሌ ሲያሳርፍ ያገሩን እግር ይቆርጣል። ያንን ከሸጥኸው አሚናት በምን ትወርዳለች?"

"ታዲያ አንቺ በፒካፑ አልወርድም አልሽ! ምን ላድርግ እማ? ተኝተሽ ልይሽ?"

እማ ከድጃ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። "እወርዳለሁ። ሲያመኝ እጮሃለሁ፤ አንተ ቀስ ትላለህ።"

ይማም መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። እኔም መሪውን ይዤ ወደፊት ብቻ እያየሁ ነዳሁ።

ቁልፉን ለነጋዴው የመለስሁት እኔ ነኝ። ከመሄዴ በፊት ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁና "ይቅር ይበሉኝ" አልኋቸው። ኋላ ደሴ ላለ ሰው መሸጣቸውን ሰማሁ። አሁንም በአስፋልቱ ጥቁር ጂፕ ሲያልፍ እሳቸው ይሆኑ ብዬ ቀና እላለሁ።

ከዚያ ወደ ፒካፑ ገባሁ። እንዲለሰልስ ብዬ ከባሌስትራው ከየጎኑ አንድ አንድ ቅጠል ብረት አወጣሁ፤ በብረቶቹ መሐል ያለቁትን ጎሚኒዎች በሙሉ ቀየርሁ። ወልድያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ የተጋጨ ትልቅ ጂፕ ወንበር አገኘሁ፤ የሹፌሩ ጎን ወንበር ተነቅሎ እሱ ተበየደ። ፒካፑ ከድሮው ያነሰ ሽንኩርት ነው የሚጭነው፤ ይማም አንዳንዴ ያጉረመርማል። እንደ እሳቸውም አልሆነም፤ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ሲሪንቃ ጉብታው ላይ አሁንም ይነጥራል።

እማ ከድጃ ግን በየሳምንቱ ወረዱ። መጀመሪያው ቀን አብሬ ነበርሁ። ኮረኮንቹ ላይ "ያ አላህ!" ሲሉ ይማም ቀስ አለ። ከኋላ የተጫኑት አሥር ይሆናሉ፤ እነሱም ጣራውን እየደበደቡ "ቀስ በል! እማ ከድጃን!" ብለው ጮሁበት። ወንዙ ዳር አሚናት ቆማ ነበር። ከሩቅ እጇን አነሳች።

ዛሬ እማ ከድጃ በአንድ ዱላ ይሄዳሉ። ሲያገኙኝ "እሳቸው ደህና ናቸው? ይጠጣሉ አሁንም?" ይሉኛል።

ወጣቶቹ መኪና ሲመረጥ ምን እንደማይ ይጠይቁኛል። ኮፈኑን ዳብሱ፣ መብራቱን ቁጠሩ፣ ጭሱን እዩ፣ ከሥር ግቡ እላቸዋለሁ። ከዚያ ገዢው በሚኖርበት መንገድ ንዱትና ዳር የቆመ ሰው እጁን ያነሳለት እንደሆነ እዩ።